ሹመትና ምርጫ፦ በጉራጌ ምድር ገዢን የመሰየም ታሪክ ከየጆካ እስከ ክልል ምክር ቤት

አንድን ሕዝብ የሚያስተዳድረውን ሰው የመሰየም ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዙፋን ጋር ተያይዞ ነው። ለገበሬው፣ ለነጋዴውና ለእጅ ባለሙያው ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ይልቅ የቅርብ ገዢው ነበር ግብሩን የሚወስነው፣ ክርክሩን የሚሰማው፣ መንገዱን የሚያስጠርገው፤ ስለዚህም የአገረ ገዢው አሰያየም ታሪክ ከዙፋኑ ታሪክ ያላነሰ ክብደት አለው። ይህ ትረካ ያንን ታሪክ የሚከተለው ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ፣ በስተ ሰሜን ምሥራቅም እስከ ጥያ በተዘረጋው በጉራጌ ምድር ነው። ጥያ በዓለም ገና በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሶዶ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው 36 ትክል ድንጋዮቿ፣ በተለይም ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው 32ቱ፣ በምድሪቱ ላይ የተደራጀ ማኅበረሰብ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እንደኖረ ይመሰክራሉ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የአስተዳደር ታሪክ ደግሞ በቃል ሕግ፣ በዐዋጅና በምርጫ መከተል ይቻላል።

የሸንጎ ዘመን

እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የጉራጌ ቤቶች በአንድ ንጉሥ ሥር የተጠቃለሉ አልነበሩም። በምዕራብ ያሉት ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ እነሞር፣ ጌቶ፣ ሙህርና ሌሎቹ ቤቶች ሰባት ቤት ጉራጌ በሚል የጋራ ስም ሲታወቁ፣ የጋራ ጉዳያቸውን የሚመክሩበትና የሚዳኙበት ከፍተኛ ሸንጎ የጆካ ይባል ነበር፤ በዚህ ሸንጎ የሚጸናው ልማዳዊ ሕግም ቂጫ ተብሎ ይጠራል። በሰሜን ምሥራቅ የሚኖሩት ክስታኔዎች ወይም የሶዶ ጉራጌዎች በበኩላቸው የጎርደና ሸንጎ የነበራቸው ሲሆን፣ ሕጉ ጎርደና ሴራ ይባላል፤ ሴራ በጉራጌ አካባቢ ቋንቋዎች ማኅበረሰቡ ተስማምቶ የተቀበለውን ሥርዓትና ደንብ የሚያመለክት ቃል ነው። በእነዚህ ሸንጎዎች ውሳኔ የሚሰጠው ሽማግሌዎችና የየቤቱ ተወካዮች ጉዳዩን እስኪስማሙበት ድረስ ከተከራከሩ በኋላ ነበር፤ የውሳኔውም ጉልበት የሚመነጨው ከመሐላ፣ ከኅብረተሰቡ ትዝብትና ውሳኔውን የጣሰ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ ሊገለል ከመቻሉ ነበር።

ይህ ሥርዓት ሁሉን እኩል ያሳተፈ ነበር ማለት አይቻልም። በሸንጎው የሚቀመጡት ወንዶች ነበሩ፤ በዕደ ጥበብ ሥራቸው የተነሣ የተገለሉ ወገኖችም በእኩልነት አይታዩም ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው የቃቄ ወርድወት ሴቶች እንደ ወንዶች ሁሉ ያልፈለጉትን ትዳር የማፍረስ መብት እንዲኖራቸው በየጆካ ፊት ቆማ መከራከሯ በጉራጌ የቃል ታሪክ ሲተላለፍ ኖሯል፤ በዘመናችንም በልብ ወለድና በቴአትር ለሰፊው ሕዝብ ቀርቧል። ታሪኳ የሥርዓቱን ሁለት ገጽታዎች በአንድነት ያሳያል፤ በአንድ በኩል ሸንጎው የሴቶችን ድምፅ የማያካትት እንደነበረ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቅሬታ ያለው ሰው ሩቅ አገር ሳይሄድ በዚያው በአደባባዩ አቤት ሊልበት የሚችል አካል እንደነበረ ያስረዳል።

የሹመት ዘመን

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ሲያስፋፉ የክስታኔ ጉራጌዎች በ1868 ዓ.ም. ገደማ ያለ ብዙ ውጊያ ገቡ። የሰባት ቤትና የቀቤና ምድር ግን በቀቤናው መሪ በሐሰን እንጃሞ አስተባባሪነት ለዓመታት ተከላክሎ፣ በ1881 ዓ.ም. ገደማ በራስ ጎበና ዳጬ ጦር ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው የበላይ አስተዳዳሪ የሚሰየመው በሸንጎ ስምምነት መሆኑ ቀርቶ በቤተ መንግሥት ፈቃድ ሆነ።

አዲሱ ሥርዓት በሁለት እርከን የቆመ ነበር። በላይኛው እርከን ከማእከል የሚሾመው ገዢ፣ ጦሩንና መልከኞቹን አስከትሎ ይመጣና በደመወዝ ፈንታ የሚኖርበት ገባር ይመደብለታል፤ ገባር ማለት በሚያርሰው መሬት ምክንያት ለተሾመበት ሰው እህል፣ ማርና ሌላውንም የሚያስገባ፣ ጉልበቱንም ለአገልግሎት የሚያውል ገበሬ ነው። በታችኛው እርከን ደግሞ ባላባትና ጭቃ ሹም የተባሉት የአገሬው ሰዎች ግብር በማሰባሰብና ትእዛዝ በማስተላለፍ በገዢውና በሕዝቡ መካከል ይቆማሉ። የጆካና የጎርደና ሸንጎዎች ፈጽመው አልጠፉም፤ የደም ካሳን፣ የጋብቻንና የድንበርን ክርክር መዳኘታቸውን ቀጠሉ፤ ነገር ግን ገዢ ማን ይሁን፣ ግብሩስ ምን ያህል ይሁን በሚሉት በሁለቱ ታላላቅ ጉዳዮች ላይ ቃል አልነበራቸውም። በዚህ ዘመን ብዙ ጉራጌዎች ግብሩን ለመክፈልና ኑሯቸውን ለመደጎም ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ ወደ አዲስ አበባ መሰደድ ጀመሩ፤ ከቀን ሠራተኝነት ተነሥተው በንግድ ሥራ ስመ ጥር የሆኑትም በዚህ መንገድ ነው።

የሹመቱን ሥርዓት ባሕርይ ከማንም በላይ የሚያሳየው በጉራጌ አገምጃ እንደተወለዱ በብዙ ጸሐፍት የሚነገርላቸው የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሕይወት ነው። ባልቻ በልጅነታቸው ተማርከው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደጉ፣ በዓድዋ ጦርነት በመድፈኛነት ስማቸውን ያስጠሩ፣ በኋላም ሲዳሞንና ሐረርን የገዙ ታላቅ ሹም ነበሩ። በ1902 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ በጽኑ ታመው ሥልጣኑ በእቴጌ ጣይቱና በመኳንንቱ እጅ በነበረበት ጊዜ፣ የሐረር ገዢ የነበሩት ባልቻ ተነሥተው በምትካቸው የራስ መኰንን ልጅ ደጃዝማች ተፈሪ ተሾሙ፤ ባልቻም ወደ ሲዳሞ ተዛወሩ። በዚህ ሹም ሽር ውስጥ የሐረርም ሆነ የሲዳሞ ሕዝብ የተጠየቀው ነገር አልነበረም።

በዚያው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 መጨረሻ፣ በሰሜን አሜሪካ ኒው ጀርሲ በተባለችው ግዛት አገረ ገዢ የተሰየመው በሌላ መንገድ ነበር። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ውድሮው ዊልሰን የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ሆኖ ቀርቦ፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ ንግግር ካደረገ በኋላ የሪፐብሊካኑን ዕጩ ቪቪያን ሉዊስን ወደ 49 ሺህ በሚጠጋ የድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ዊልሰንን ለዕጩነት ያበቁት የግዛቲቱ የፓርቲ አለቆች ነበሩ፤ እነዚህ አለቆች ዕጩን በዝግ ቤት መርጠው ለሕዝቡ የሚያቀርቡ፣ ሹመትንም በውለታ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ዊልሰን ከተመረጠ በኋላ ግን ከእነርሱ ተለይቶ፣ ዕጩዎችን መራጩ ሕዝብ ራሱ አስቀድሞ የሚለይበትን የቅድመ ምርጫ ሕግ አስወጣ። ከእርሱ በፊትም በ1900 የዊስኮንሲን አገረ ገዢ ሆኖ የተመረጠው ሮበርት ላፎሌት ለዚሁ ዓላማ ታግሎ ሕጉን በ1904 በሕዝብ ድምፅ አስጸድቆ ነበር። የአሜሪካው ምርጫ ራሱ ምሉእ አልነበረም፤ በ1910 የኒው ጀርሲ ሴቶች ድምፅ አይሰጡም ነበር፤ በደቡብ ግዛቶችም ጥቁሮች በግብርና በንባብ ፈተና ሰበብ ከምርጫ ይታገዱ ነበር። ያም ሆኖ አገረ ገዢው ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሚያስተዳድረው ሕዝብ፣ የሚያጣውም በዚያው ሕዝብ ድምፅ መሆኑ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረውን መሠረታዊ ልዩነት ያሳያል።

ባልቻ ከሥልጣን የወረዱበት አኳኋንም ይህንኑ ያስረዳል። በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ደጋግመው ሲጠሯቸው፣ ባልቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጦር አስከትለው መጥተው ነፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። እርሳቸው በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ተቀምጠው ሳለ ራስ ካሣ ኃይሉ ወደ ሰፈሩ ሄደው ለወታደሮቹ ገንዘብ ሰጥተው በተኗቸው፤ በሲዳሞም ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተተኩ። ባልቻ ያለ ጦር ቀርተው እጃቸውን ሰጡ፤ በኋላም ወደ ገዳም ገቡ። ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረች ጊዜ ግን እኚህ ሽማግሌ አርበኛ እንደገና መሣሪያ አንሥተው በ1929 ዓ.ም. ሲዋጉ ወደቁ። ለአገራቸው እስከ ሞት የታመኑ ሰው ነበሩ፤ በገዢነታቸው ዘመን ግን የሚያስተዳድሩት ሕዝብ አልሾማቸውም፣ አልሻራቸውምም።

ሕገ መንግሥትና የዘገየ ተስፋ

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ተፈሪ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሰጡ። ረቂቁን ያዘጋጁት በሩሲያ የተማሩትና ራሳቸውም ጨርጨርን በገዢነት ያስተዳደሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ እንደ ምሳሌ የወሰዱት በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በዚህ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሲሆኑ፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። ሕዝብ አንድ ቀን እንደሚመርጥ በሕግ የታመነበት የመጀመሪያው ሰነድ ይህ ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ በቃ የሚባልበትን ጊዜ የሚወስነው ሕዝቡ አልነበረም።

የኢጣሊያ ወረራ ይህንን ሁሉ አቋረጠው፤ በአምስቱ ዓመታት አገሪቱ በሮም በሚሾሙ ገዢዎች ተከፋፍላ ቆየች። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ የአገር ግዛትን ሥራ በአዲስ መልክ አዋቀረ። አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች፤ ገዢዎችም የራሳቸውን ጦር መያዛቸውና ከገባር መተዳደራቸው ቀርቶ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ያሉ ደመወዝተኞች ሆኑ። የጉራጌ ምድር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ተካቶ፣ ምዕራቡ መቀመጫው ግዮን ተብላ በምትጠራው በወሊሶ በነበረው በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ ቡታጅራና አካባቢዋ ደግሞ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ሆኑ። ይህ ማሻሻያ የገዢዎችን የዘፈቀደ ሥልጣን በእጅጉ ቀነሰ፤ የመሾም ሥልጣኑ ግን ከበፊቱ በበለጠ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተጠቃለለ።

የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ። በዚሁ መሠረት አገሪቱ 200,000 ያህል ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ተከፍላ እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴዎችን እንዲልክ፣ ነዋሪያቸው ከ30,000 የሚበልጥ ከተሞችም የራሳቸው እንደራሴ እንዲኖራቸው ተወሰነ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መራጭ ሆነ፤ ዕጩ ለመሆን ግን 25 ዓመት መሙላትና በሕግ የተወሰነ ንብረት ባለቤት መሆን ያስፈልግ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ ባለመኖሩ እያንዳንዱ ዕጩ የሚወዳደረው በራሱ ስም፣ በዘመዱና በአካባቢው ተሰሚነት ነበር።

ምርጫው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተካሂዶ 210 እንደራሴዎች ያሉት ምክር ቤት ተቋቋመ። ከተመረጡት መካከል በአዲስ አበባ የተወዳደሩት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ የሴት እንደራሴ ሆነው የምክር ቤቱን ምክትል ፕሬዚዳንትነት ያዙ። በአሜሪካ ኔሊ ቴይሎ ሮስ የዋዮሚንግ አገረ ገዢ ሆና በመመረጥ በዚህ ሥልጣን ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ከሆነች ከ1924 እ.ኤ.አ. ወዲህ 33 ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው፤ ልዩነቱ ሮስ ያሸነፈችው የገዢነትን ወንበር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ለምርጫ የቀረበው የሕግ መምሪያው ወንበር ብቻ መሆኑ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ፣ የአውራጃውና የወረዳው ገዢዎች ከላይ መሾማቸው ቀጠለ።

የጉራጌ መራጭ በዚህ ምርጫ በቀጥታ ያገኘው ጥቅም ውስን ነበር። ምርጫው በየአራት ዓመቱ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ተደግሟል፤ የምክር ቤቱም አባላት ቁጥር ወደ 250 ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በሹመት የሚቋቋም በመሆኑ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ያልፈቀዱት ሕግ ስለማይወጣ፣ በንብረት መስፈርቱ ምክንያት ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ባለ መሬት ስለነበሩ፣ የጭሰኛውን ኑሮ ሊያሻሽል የታሰበው የመሬት ኪራይ ረቂቅ ሕግ እስከ ዘውዱ ፍጻሜ ሳይጸድቅ ቀረ። ሕዝቡ የተሻለ ገዢ ቢያገኝ እንኳ ሊያቆየው አይችልም ነበር። ለዚህ ምስክሩ በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ግርማሜ ንዋይ ነው፤ በጉራጌ ደቡብ በምትገኘው በወላይታ አውራጃ ገዢ ሆኖ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለመስጠት ቢጥርም፣ የባለ መሬቶቹ አቤቱታ ቤተ መንግሥት ደርሶ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር የመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ከዚህ ተሞክሮው ጋር የተያያዘ ነበር።

በዚሁ ጊዜ ጉራጌዎች የምርጫን ልምድ በሌላ መስክ አዳበሩ። በአዲስ አበባ የሚኖሩት የአካባቢው ተወላጆች ከዓለም ገና ተነሥቶ በጥያ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት፣ ሰባት ቤቶችም ወደ አገራቸው የሚገባውን መንገድ ለማውጣት፣ በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ማኅበራትን አቋቋሙ። እነዚህ ማኅበራት ከአባሎቻቸው ገንዘብ አዋጥተው፣ ከመንግሥትም ድጋፍ ጠይቀው፣ በመረጧቸው የኮሚቴ አባላት አማካይነት ሥራውን መሩ። በእነዚያው ዓመታት በቸሃ የመስክ ጥናት ያደረገው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ እንሰት ባሕልና የአኗኗር ሥርዓት በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍም የአካባቢው ሰው የራሱን ጉዳይ በራሱ ሸንጎ የመምራት ልማዱ ጸንቶ እንደቆየ ያሳያል። ገንዘቡን የሰጠ ሰው ገንዘብ ያዡን የመምረጥና ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው የሚለው ሐሳብ በመንገድ ማኅበራቱ ውስጥ በተግባር ሲሠራ፣ ያው ሰው ግብር የሚከፍለውን የአውራጃ ገዢ ግን ሊጠይቀው አይችልም ነበር።

በ1958 ዓ.ም. መንግሥት ይህንን ክፍተት በመጠኑ ለመሙላት ሞከረ። በትእዛዝ ቁጥር 43 የወጣው የአካባቢ ራስ አስተዳደር ደንብ በተመረጡ አውራጃዎች በሕዝብ የሚመረጡ የአውራጃ ምክር ቤቶች እንዲቋቋሙ ያዘዘ ሲሆን፣ ለሙከራ 17 አውራጃዎች ተለይተው ነበር። በዚህም ዕቅድ ቢሆን የአውራጃው ገዢ ተሿሚ ሆኖ ይቀጥላል፤ ይሁን እንጂ በአጠገቡ ትምህርት ቤትን፣ ጤና ጣቢያንና መንገድን በሚመለከት የሚወስን የተመረጠ አካል ይኖር ነበር። ለምክር ቤቶቹ ገንዘብ ያስገኝ የነበረው ረቂቅ ዐዋጅ በፓርላማው ሳይጸድቅ በመቅረቱ ትእዛዙ ሥር ሳይሰድ ቀረ። ገንዘብ የሌለው ምክር ቤት ሥልጣን የሌለው ምክር ቤት መሆኑን ይህ ሙከራ በግልጽ አሳይቷል፤ በኋላ ለመጡት ሥርዓቶችም ሊጠቅም ይችል የነበረ ትምህርት ነው።

የአብዮቱ ዘመን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የወታደሮች ኮሚቴ የነበረው ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ ፓርላማውም አብሮ ተዘጋ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ አደረገ፤ በከተማም ቀበሌዎች ተመሠረቱ። ቀድሞ ሰፊ መሬት የነበራቸው ሰዎች መሬቱ እስኪከፋፈል ድረስ ከማኅበሩ ውጪ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ጭሰኛ የነበረው ገበሬ ሊቀመንበሩንና የፍርድ ሸንጎውን ዳኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ መረጠ። ይህ በጉራጌ ገጠር ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ባላባቱና ጭቃ ሹሙ ለሰማንያ ዓመታት ያህል የያዙትን ቦታ የተመረጠ ገበሬ ያዘው። ዳሩ ግን ማኅበራቱ ብዙም ሳይቆዩ የእህል ኮታ ሰብሳቢ፣ የወታደር መልማይና የሰፈራ ፈጻሚ እንዲሆኑ ተገደዱ፤ ከማኅበሩ በላይ ያለው የአስተዳደር እርከን በሙሉም በሹመት ብቻ ይሞላ ነበር።

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ተመረጡ። ለእያንዳንዱ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ የሚቀርብ ቢሆንም፣ አቅራቢዎቹ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ የጦር ክፍሎችና በፓርቲው የሚመሩ ማኅበራት ብቻ ነበሩ። መራጩ ከቀረቡለት መካከል ይለያል፤ ማን እንደሚቀርብለት ግን አይወስንም። በኒው ጀርሲ የፓርቲ አለቆች በ1910 ይዘውት የነበረው የማቅረብ ሥልጣን በኢትዮጵያ ከሰባ ሰባት ዓመት በኋላ በአንድ ፓርቲ እጅ ብቻ ተጠቃሎ ነበር።

የፌዴራሉ ሥርዓትና የክልል ምክር ቤት

ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲከፍል፣ ጉራጌ ከሐዲያና ከከምባታ ጋር በክልል 7 ተካተተ። ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የወረዳና የክልል ምክር ቤቶች ምርጫ ተካሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ በደቡብ ያሉት አምስቱ ክልሎች ተጠቃለው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆኑ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ እንዲመርጥ፣ የክልል ምክር ቤትም የክልሉ የበላይ የሥልጣን አካል እንዲሆን ደነገገ።

በዚህ ሥርዓት የክልሉን ርእሰ መስተዳድር የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን ሕዝቡ የመረጠው የክልል ምክር ቤት ነው፤ የዞኑን ዋና አስተዳዳሪ የዞኑ ምክር ቤት፣ የወረዳውንም የወረዳው ምክር ቤት ይመርጣል። በአሜሪካ ግዛቶች መራጩ ለአገረ ገዢውና ለሕግ አውጪዎቹ ለየብቻ ድምፅ ሲሰጥ፣ በኢትዮጵያ ግን አንዱ ድምፅ ሁለቱንም ይሸከማል፤ የምክር ቤት አባል ሲመረጥ ገዢውም በተዘዋዋሪ ይመረጣል። ይህ አሠራር በብዙ አገሮች የሚሠራበት የፓርላማ ሥርዓት ስለሆነ በራሱ ጉድለት የለበትም፤ ምክር ቤቱ በነጻነት የሚመክርና የሚጠይቅ ከሆነ ገዢውን ከሕዝቡ ጋር አጥብቆ ያስራል። የደቡብ ክልል ታሪክ ግን ውሳኔው ብዙ ጊዜ ከምክር ቤቱ አስቀድሞ በገዢው ፓርቲ ውስጥ ያልቅ እንደነበር ያሳያል። የመጀመሪያው ርእሰ መስተዳድር አባተ ኪሾ በ1993 ዓ.ም. በኢሕአዴግ ውስጥ የተፈጠረውን መከፋፈል ተከትሎ ከሥልጣን ወርደው ኃይለማርያም ደሳለኝ ተተኩ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ሽፈራው ሽጉጤ፣ ደሴ ዳልኬ፣ ሚሊዮን ማቴዎስና ርስቱ ይርዳ በየተራ ወንበሩን ሲይዙ፣ ለውጡ ብዙ ጊዜ የመጣው ከምርጫ ዘመን ጋር ሳይገጥም ከፓርቲ ውሳኔ ጋር ተያይዞ ነበር።

በጉራጌ ምድር ውስጥ ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ከሰጠባቸው ታላላቅ ጉዳዮች አንዱ የ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ስልጤዎች የራሳቸው ማንነት እንዲታወቅላቸው ጠይቀው በድምፃቸው በከፍተኛ ብልጫ ካረጋገጡ በኋላ መቀመጫው ወራቤ የሆነ የስልጤ ዞን ተቋቋመ፤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ወልቂጤ ሆና ቀጠለች። ይህ ሕዝበ ውሳኔ የማንነትን ክርክር በድምፅ መስጫ ሣጥን መቋጨት እንደሚቻል ያሳየ ቀደምት ምሳሌ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ጉራጌ በክልልነት እንዲደራጅ በሙሉ ድምፅ ወስኖ ጥያቄውን አቀረበ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 እንዲህ ያለው ጥያቄ በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጸድቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደራጅ ያዝዛል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ በዚህ መንገድ በሕዝበ ውሳኔ ክልል ሆነ፤ የጉራጌው ጥያቄ ግን ለሕዝበ ውሳኔ አልቀረበም። የደቡብ ክልልን ዞኖች በአዲስ አደረጃጀት ለማዋቀር የቀረበውን የክላስተር ሐሳብ፣ ማለትም አጎራባች ዞኖችን አንድ ላይ ሰብስቦ ክልል የማድረግ ዕቅድ፣ የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2015 ዓ.ም. በአብላጫ ድምፅ ሳይቀበለው ቀረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ግን ከሆሳዕና እስከ ወልቂጤና ቡታጅራ ያሉትን አካባቢዎች የያዘው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ እንዳሻው ጣሰውም በምክር ቤቱ ርእሰ መስተዳድር ሆነው ተሰየሙ። ቡታጅራ ጥያንና ሶዶን የሚያካትተው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ቀቤናና ማረቆም ልዩ ወረዳዎች ሆኑ።

ከየጆካ እስከ ዛሬው የክልል ምክር ቤት ባለው ረጅም መንገድ በጉራጌ ምድር የሕዝብ ድርሻ እየጠበበና እየሰፋ መጥቷል። ሸንጎው ለቅርብ ጉዳይ ሰፊ ድርሻ ቢሰጥም ሴቶችንና የተገለሉትን አላካተተም፤ ሹመቱ ሁሉንም አገለለ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሁሉም ድምፅ ሰጥቶ ገዢውን ከድምፁ ውጪ አቆየው፤ አብዮቱ ቀበሌውን አስመርጦ ከቀበሌ በላይ ያለውን ዘጋ፤ የፌዴራሉ ሥርዓት ደግሞ የገዢውን አሰያየም በሕግ ለምክር ቤት አስረከበ። በሕግ የተሰጠው ሥልጣን በተግባር የሚጸናው ግን የምክር ቤት አባላት ከፓርቲያቸው መመሪያ በፊት የመረጣቸውን ሕዝብ ሲያስቀድሙ፣ በአብላጫ ድምፅ ያሳለፉት ውሳኔም ሲከበር ነው። ስለዚህ የጥያ፣ የቡታጅራና የወልቂጤ መራጭ ለምክር ቤት ዕጩ ድምፁን ሲሰጥ የገዢውንም ወንበር አብሮ እየሰጠ መሆኑን ዐውቆ፣ ዕጩውን ማንን ርእሰ መስተዳድር፣ ማንንም ዋና አስተዳዳሪ እንደሚመርጥ አስቀድሞ ሊጠይቀው፣ ከተመረጠም በኋላ እንደ መንገድ ማኅበሩ ዘመን ሒሳብ ሊያስቀርበው ይገባል።